የ2028 ፖል ከአሁኑ ምን ይነግረናል? ወይስ ላም አለኝ በሰማይ ነው?

የካዛንቺሱ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ሥራ ላይ ስልኬን ስነካካ የ2028 ፕራይመሪ (ፓርቲዎቹ እጩአቸውን የሚለዩበት ምርጫ) ፖል፣ ማለትም ሰው እየጠየቁ የሚያወጡት የድምፅ ግምት፣ አገኘሁ። በሪፐብሊካን በኩል ቫንስ ሁሉንም ጥሎ ይመራል። በዴሞክራት በኩል ኒውሰም፣ ቡቲጀጅ፣ ሃሪስ፣ ኦካሲዮ ኮርቴዝ እያሉ ስም ይደረድራሉ። አንዱ ፖል አንዱን ያስቀድማል፣ ሌላው ሌላውን። ማታ ጓደኞቼ ጋ ቡና ልጠጣ ስሄድ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ሁሉ የየራሱን ፕሬዚዳንት ሾሞ ጠበቀኝ። አንዱማ «ያለቀ ነገር ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ምኑ ነው ያለቀው? ገና አንድ ሰው እንኳን ድምፅ አልሰጠም እኮ!

እኔ የምለው፣ ይሄን ያህል ቀድሞ የሚወጣ ፖል የሚለካው ማን እንደሚያሸንፍ ሳይሆን የማን ስም ጆሮ እንደገባ ነው። በ2003 መጀመሪያ ላይ ዴሞክራቶቹን በአገር አቀፍ ፖል ይመራ የነበረው ጆ ሊበርማን ነበር። ለምን? በ2000 ከአል ጎር ጋር ምክትል ሆኖ ስለተወዳደረ ሰው ስሙን ያውቀዋል። በቃ። 2004 ሲመጣ አንድ ግዛት ሳያሸንፍ ወጣ። በ2007 ደግሞ ሩዲ ጁሊያኒ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ሪፐብሊካኖቹን ሲመራ ከረመ። የመጀመሪያዎቹን ግዛቶች ችላ ብሎ ፍሎሪዳ ላይ ሊጠብቃቸው ተቀመጠ። ፍሎሪዳ ስትደርስ ሦስተኛ ወጣ፣ በማግስቱ ሻንጣውን ሸከፈ።

እና ጥያቄዬ፦ ከአሁኑ ቁጥር እያዩ የሚጨቃጨቁት ምን አይተው ነው? ተሳስቼ ከሆነም ንገሩኝ፣ አልቀየምም።

---

እንቅልፍ_የለሽ (አዲስ አበባ)

እኔ የአሜሪካንን ምርጫ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ የማይ ሰው ነኝ። ሚስቴ «ምን አገባህ?» ትላለች፣ መልስ የለኝም። አንድ ነገር ግን እስካሁን በደንብ አልገባኝም። ፕራይመሪና ኮከስ ልዩነታቸው ምንድነው? አንዱ ግዛት እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ፣ አንዱ ጥር ላይ፣ ሌላው ሰኔ ላይ። እኛ ጋ ፓርቲው እጩውን ራሱ ጨርሶ ያመጣልሃል፣ አንተ ምልክቱን ፈልገህ መምረጥ ነው። እና ደግሞ ፖል የሚባል ነገር ለምደን አናውቅም። የእኛ ፖል ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የሚወራው ነው። አንዳንዴ እሱም ይሻላል እላለሁ 😄

---

ሰላም_ቬጋስ

ወንድሜ እንቅልፍ የለሽ፣ ፕራይመሪ ማለት እንደ ማንኛውም ምርጫ ገብተህ ወረቀትህን ሞልተህ ትወጣለህ። ኮከስ ግን ስብሰባ ነው፣ እኔ አንዴ ስለገባሁበት ልንገርህ።

2008 ጥር ላይ ነው። ዜግነት ካገኘሁ ገና ሁለት ዓመቴ። ካዚኖ ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። ኔቫዳ ያኔ ኮከስ ነው የምታደርገው፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ። ቅዳሜ ማለት ለእኛ ሥራ የሚበዛበት ቀን ስለሆነ ዴሞክራቶቹ ለፈረቃ ሠራተኛ ብለው በትልልቆቹ ካዚኖዎች ውስጥ ልዩ የኮከስ ቦታ አዘጋጁ። «ይሄማ አድልዎ ነው» ተብሎ ፍርድ ቤት ሁሉ ተኬደ፣ ዳኛው ክሱን ጣለው። ምክንያቱም የእኛ ዩኒየን፣ ኩሊናሪ የሚባለው፣ ኦባማን ደግፎ ስለነበር ሁሉም ሰው «የካዚኖው ድምፅ በሙሉ የኦባማ ነው» ብሎ ገምቷል።

እና የሠርግ አዳራሽ ውስጥ አስገቡን። ዩኒፎርማችንን እንደለበስን። አንዷ ፊሊፒናዊት ጓደኛዬ ጓንቷን እንኳን አላወለቀችም። ከዚያ «ኦባማ በዚህ፣ ሂላሪ በዚያ» ተባለ። አስቡት፣ አለቃህም ጎረቤትህም እያየህ ነው የምትመርጠው። እኔ ወደ ኦባማ ሄድኩ። ዞር ብዬ ሳይ የእኔ ፎቅ ሴቶች ከግማሽ በላይ ከሂላሪ ጋር ቆመዋል፣ የዩኒየኑ ሰውዬ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ፖልም ዩኒየንም የእነዚያን ሴቶች ሆድ አላወቀውም።

መጨረሻው ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። ሂላሪ በሕዝብ ብዛት አሸነፈች፣ ወደ 51 ለ45። የዴሌጌት፣ ማለትም በፓርቲው ጉባኤ ላይ እጩውን የሚመርጡት ወኪሎች፣ ቁጥሩ ሲወጣ ግን ኦባማ 13፣ ሂላሪ 12። ከቬጋስ ውጭ ያሉት ወረዳዎች አከፋፈሉን ለእሱ አደሉት። ሁለቱም «አሸነፍን» አሉ።

---

ቁጥር_ይናገር (ሲያትል)

ካዛንቺስ፣ አክብሬህ ነው የምናገረው፣ የሚመችህን ብቻ መርጠህ ነው ያመጣኸው። ሊበርማንና ጁሊያኒን ሁሉም ሰው ይጠቅሳል። እሺ ሌሎቹስ?

ጆርጅ ቡሽ በ1999 ፖል መራ፣ እጩ ሆነ። ሂላሪ በ2015 መራች፣ እጩ ሆነች። ትራምፕ ሰኔ 2015 ገብቶ ሐምሌ ሳያልቅ ፖሉን ያዘ፤ በቴሌቪዥን የሚቀርበው አዋቂ ሁሉ «ይተናል፣ ስሙ ስለሚታወቅ ነው» ሲል ከረመ፣ ልክ አንተ አሁን እንደምትለው። አልተነነም። ባይደን 2019ን ሙሉ ማለት ይቻላል መራ፣ እጩ ሆነ። በ2023 ደግሞ የፍሎሪዳው ገዥ ዲሳንቲስ መጣ ዲሳንቲስ መጣ ተባለ፣ ትራምፕ ግን ከፊት አልወረደም፣ አዮዋ ላይ 51 በመቶ ይዞ ጨረሰው።

«ስም ብቻ ነው» የምትሉት ስም ትንሽ ነገር ይመስላችኋል። የታወቀ ስም ያለው ሰው ገንዘብ ያገኛል፣ ካሜራ ያገኛል፣ ሌላው ራሱን ሲያስተዋውቅ እሱ ሥራውን ይሠራል። ቀድሞ የወጣ ፖል ሁልጊዜ ይዋሻል ማለት ሁልጊዜ እውነት ነው እንደማለት ያው ስንፍና ነው።

---

የካዛንቺሱ

እሺ፣ ይሄኛው ገብቶኛል፣ በተለይ የ2015ቱ የትራምፕ። እኔም ያኔ «መስከረም ሳይጠባ ይወጣል» ብዬ ክትፎ ተወራርጄ ከፍያለሁ። ሂሳቡ አሁንም ያመኛል።

ግን ባይደንን ስትጠቅስ መሀሉን ዘለልከው። አዮዋ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሻየር አምስተኛ፣ 8 በመቶ ምናምን ይዞ! ማታውኑ ውጤቱን ሳይጠብቅ ወደ ሳውዝ ካሮላይና በረረ። በዚያች ሳምንት «ፖሉ ልክ ነበር» የሚል ሰው ብታመጣ እኔ ራሴ ቡና እጋብዘዋለሁ።

---

ጋሽ_ታክሲ (ዲሲ)

ልጆች ስትጨቃጨቁ ደስ ትላላችሁ። ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው ብለው የጨረሱትን ነገር እናንተ በፐርሰንት ታወሩታላችሁ።

እኔ እዚህ ከተማ ታክሲ መንዳት ስጀምር ገና ሬገን ነበር። ጄሲ ጃክሰን በ84ም በ88ም ዲሲን ሲያሸንፍ አይቻለሁ። ከኋላዬ ያልተቀመጠ የፖለቲካ ሰው የለም፣ እና አንድ ነገር የተማርኩት ከእነሱ ነው። እነዚህ ሰዎች ምርጫው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ስልክ ላይ የሚያወሩት ስለ ማሸነፍ አይደለም። «ግምቱን አውርዱት» ነው የሚሉት። የራሳቸውን ሰው ያሳንሱታል፣ ተቃዋሚውን ይክቡታል! በመጀመሪያ እብድ መስለውኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። እዚህ አገር ፕራይመሪ ላይ የሚቆጠረው ያገኘኸው ድምፅ ሳይሆን ከተጠበቀብህ በላይ ነው በታች የሚለው ነው።

ማስኪ የሚባለውን ሴናተር ታውቁታላችሁ? 1972፣ እኔ አገር ቤት ተማሪ ነበርኩ፣ ኋላ ነው ያነበብኩት። ኒው ሃምፕሻየርን አሸነፈ ሰውዬው። 46 ለ37። ግን የጎረቤት ግዛት ሰው ስለሆነ 50 ያልፋል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። እና አሸናፊው ተሸነፈ ተባለ፣ ሁለተኛ የወጣው ማክገቨርን ጀግና ሆነ፣ እጩም ሆነ። ቢል ክሊንተን ደግሞ በ92 እዚያው ግዛት ሁለተኛ ወጥቶ፣ ስምንት ነጥብ ተበልጦ፣ መድረክ ላይ ወጣና ራሱን «ተመልሶ የመጣው ልጅ» ብሎ ሰየመ። ከዚያ ወዲህ አሸናፊውን ሶንጋስን ማን ያስታውሰዋል?

---

ሰላም_ቬጋስ

ጋሼ ልክ ነዎት። እኛ ጋ በ2024 የሆነውንም ልጨምር። ኔቫዳ የምርጫ ወረቀት ላይ «ከእነዚህ ማንንም» የሚል ሳጥን አለ፣ አንዳቸውንም አልፈልግም ማለት ነው፣ በሕግ ከ70ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። ሪፐብሊካኖቹ ያን ዓመት ሁለት ነገር አደረጉ፣ ግዛቱ ፕራይመሪ፣ ፓርቲው ከሁለት ቀን በኋላ ኮከስ። ትራምፕ ኮከሱ ላይ ብቻ ገባ። ተፎካካሪው ኒኪ ሄሊ ፕራይመሪው ላይ ብቻ ገባች፣ ትልቅ ስም ያለው ተቀናቃኝ የላትም ማለት ነው። እና በ«ማንንም» ተሸነፈች! 63 ለ30። ሥራ ቦታ ሳምንቱን ሙሉ ሳቅ ነበር፣ ምሳ ምን ትበያለሽ ስትባል «ከእነዚህ ማንንም» የምትል ልጅ ነበረችን።

---

ጋሽ_ታክሲ

ሰላምዬ፣ ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ አለ። ጂሚ ካርተር በ1976 አዮዋ ላይ አንደኛ አልወጣም። አንደኛ የወጣው «ገና አልወሰንኩም» የሚለው ነው፣ 37 በመቶ። ካርተር 28። ግን ማንም የማያውቀው የጆርጂያ ገበሬ ስለነበር ጋዜጣው ሁሉ «አሸነፈ» አለ፣ እሱም እየተንደረደረ ቤተ መንግሥት ገባ። ሴትዮዋና እሱ ሁለቱም በሌለ ሰው ተሸነፉ። አንዱ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ አንዷ መሳቂያ።

---

እንቅልፍ_የለሽ

ይሄማ ከባድ ጨዋታ ነው 😂 በሌለ ሰው ተሸንፎ ፕሬዚዳንት መሆን!

---

ስልክ_ደዋዩ (አዮዋ)

ሰዎች፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ግን መግባት አለብኝ። እኔ ተማሪ ሆኜ ማታ ማታ ስልክ እየደወልኩ ፖል የምጠይቅ ልጅ ነበርኩ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ሥራው ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ።

ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ፣ ፊትህ ኮምፒውተር፣ ማሽኑ ራሱ ይደውላል። «ሄሎ» ስትል ይዘጋል። «ሄሎ» ይዘጋል። አንዷ ሴትዮ ሾርባዬ እየገነፈለ ነው ብላ ይዛኝ ቆየች፣ ተመልሳ መጥታ ሦስት ጥያቄ መለሰችና ባሏ ስለመጣ ዘጋች። ግማሽ የተሞላ መጠይቅ ማለት ባዶ ነው። ጥሩ ቀን ላይ በአራት ሰዓት ውስጥ አምስት ስድስት ሰው እጨርሳለሁ። ይሄ የእኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ፒው የሚባለው ትልቁ የጥናት ተቋም በ2018 ከደወለላቸው ሰዎች የመለሰለት 6 በመቶ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ። 2019 ላይ ዴሞክራቶቹ ከሃያ በላይ ነበሩ። ሃያ ስም በስልክ አንብቡ እስኪ! ኮምፒውተሩ ቅደም ተከተሉን እየቀያየረ ያመጣል፣ ፍትሐዊ እንዲሆን። ሰውዬው ሰባተኛው ስም ላይ ይጠፋል። «የመጀመሪያው ማን ነበር ያልከኝ?» ይላል። ወይም «ያ... የኦባማ ምክትል» ይላል። ምልክት አደርጋለሁ፣ ባይደን። ይሄ ሰው ባይደንን መርጧል? እኔ እንጃ። የሚያውቀውን ስም ነው የነገረኝ። እዚህ ጋ ካዛንቺስ ልክ ነው።

ሌላው፣ ሺህ ሰው ጠየቅን ሲሉህ ሺሁም ለፕራይመሪው አይቆጠርም። ከሺሁ ውስጥ የዴሞክራት ፕራይመሪ እመርጣለሁ የሚለው አራት መቶ ቢሆን ነው። አራት መቶ ሰው ማለት የስህተቱ ልክ ፕላስ ማይነስ 5 ነጥብ ነው። እንግዲህ አንዱ 12 ሌላው 9 ሲባል ማን ይቀድማል ብለህ መጣላት... ቡናህን ጠጣ ወንድሜ።

---

ቁጥር_ይናገር

ደዋዩ፣ ይሄን ሁሉ አልክድም። ግን አዮዋ ከሆንክ የፖል ባለሙያዋን አን ሴልዘርን ታውቃታለህ። በ2007 መጨረሻ ሁሉም ፖል ሂላሪና ኦባማ ትከሻ ለትከሻ ሲል እሷ ኦባማ 32 ሂላሪ 25 አለች። ከሚመጡት ውስጥ 60 በመቶው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮከስ የሚገቡ ናቸው ስትል ሌሎቹ ዘመቻዎች ሳቁባት። በዕለቱ ዴሞክራት ብቻ ወደ 240 ሺህ ሰው ወጣ፣ ከአራት ዓመት በፊት ከነበረው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ኦባማ 38፣ ኤድዋርድስና ሂላሪ 30 30 አካባቢ። ጥሩ ፖል አለ። ሰዓቱ ነው ወሳኙ። የመጨረሻው ሳምንት ፖልና የሁለት ዓመት ፖል አንድ ስም ተሰጥቷቸው ነው እንጂ አንድ ዕቃ አይደሉም።

---

ስልክ_ደዋዩ

እሷንማ! እዚህ ግዛት እንደ ጠንቋይ ነበር የምትታየው። ግን በ2020 ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ? ኮከሱ ሁለት ቀን ሲቀረው የመጨረሻውን ፖሏን ሊለቁ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ተሰልፏል። አንድ ተጠያቂ «የቡቲጀጅን ስም አልተነበበልኝም» ብሎ አመለከተ። ሲጣራ አንዱ ደዋይ ስክሪኑ ላይ ፊደሉን አተልቆት ኖሯል፣ የመጨረሻው ስም ከታች ተቆርጦ ወድቋል። በዚች ብቻ ሙሉውን ፖል ጣሉት። አልወጣም። እኔ ይሄን ስሰማ ላብ ነው ያሰመጠኝ፣ ምክንያቱም እኔም ዓይኔ ስለሚደክመኝ ፊደል አተልቅ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ኮከሱ ራሱ ተበላሸ፣ ውጤት ማስተላለፊያ አፑ አልሠራ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ አሸናፊ የለም። ቡቲጀጅና ሳንደርስ በነጥብ ሽራፊ ተለያዩ። ባይደን አራተኛ መውጣቱ በዚያ ትርምስ ተሸፈነለት። ይሄ ዕድል እንጂ ምን ይባላል?

እና በ2024 የመጨረሻ ሳምንት ሴልዘር ሃሪስ አዮዋን በ3 ትመራለች አለች። ትራምፕ በ13 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የምርጫ ፖል በቃኝ አለች። ያውም የመጨረሻው ሳምንት ነው።

---

ሚኒሶታ_በረዶ (ሴንት ፖል)

የ2020ን ነገር ካነሳችሁ የእኔን ቁስል ነካችሁት። እኛ ግዛት በፖስታ ቀድሞ መምረጥ ይቻላል፣ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ። እኔ ሁለት ፈረቃ ስለምሠራ ቀደም ብዬ ጨረስኩ። ለክሎቡቻር ነበር፣ የራሳችን ሴናተር ናት ብዬ። ኒው ሃምፕሻየር ላይ ሦስተኛ ስትወጣማ ደስ አለኝ፣ ማንም ያልጠበቀው ነበር።

ከዚያ ሳውዝ ካሮላይና መጣ። የዚያ ግዛት ተሰሚ የኮንግረስ አባል ክላይበርን ባይደንን ደገፈ፣ ባይደን ወደ 49 በመቶ አካባቢ አገኘ። እሁድ ቡቲጀጅ ወጣ። ሰኞ ክሎቡቻር ወጣች። ማክሰኞ የእኛ ምርጫ! የእኔ ወረቀት ተቆልፎበት ተቀምጧል፣ ለሌለች እጩ። ደውዬ መቀየር ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅሁ፣ ጊዜው አልፏል አሉኝ። ከምርጫው አንድ ሳምንት በፊት ነበር የሚቻለው።

እና ባይደን ሚኒሶታን አሸነፈ። እዚህ ቅስቀሳ ሳያደርግ ማለት ይቻላል። በዚያ ቀን ከ14 ግዛቶች 10ሩን ወሰደ። እንግዲህ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲህ የሚገለባበጥ ነገር ላይ ሁለት ዓመት ቀድሞ ፖል! እኔ በበኩሌ አሁን ፖስታዬን እስከ መጨረሻው ቀን ፍሪጅ ላይ ለጥፌ ነው የማቆየው።

---

የካዛንቺሱ

ሚኒሶታ፣ አይዞሽ። እኛ ቨርጂኒያ ላይ ፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም፣ ሄደህ የፈለግከውን ፓርቲ ወረቀት ትጠይቃለህ። ከድልድዩ ማዶ ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ግን ፓርቲ ካልተመዘገበ ፕራይመሪ ላይ በሩ ዝግ ነው። ይሄን ሳያውቅ ሄዶ ተመልሷል። ፖል ቢጠይቁት ግን «እመርጣለሁ» ብሎ ይቆጠር ነበር።

አሁን ቁጥር ይናገርን ልመልስለት። ሳስበው አደርኩ። ሁለታችንም አንድ ነገር ዘለልን መሰለኝ። ቀድሞ የሚወጣው ፖል አሸናፊ አይነግርህም፣ ግን ማን ከውድድሩ እንደሚወጣ ይወስናል። እንደ መለኪያ ሳይሆን እንደ በር ጠባቂ ነው የሚሠራው። በ2019 የመጀመሪያው ክርክር ላይ ለመቆም ወይ በሦስት ፖል 1 በመቶ ወይ 65 ሺህ ለጋሽ ያስፈልግ ነበር። መስከረም ላይ 2 በመቶ በአራት ፖል፣ ያውም ከ130 ሺህ ለጋሽ ጋር። ደዋዩ እንደነገረን ሾርባዋ የገነፈለባት ሴትዮ ስልኩን ስትዘጋ አንድ የግዛት ገዥ ከመድረክ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

---

ቁጥር_ይናገር

በዚህስ ተስማማን። 2023 ላይ የኖርዝ ዳኮታው ገዥ በርገም የሠራውን ታስታውሳለህ? ሪፐብሊካኖቹ 40 ሺህ ለጋሽ አምጡ ሲሉ ሀብታም ነው ሰውዬው፣ አንድ ዶላር ለሰጠኝ የ20 ዶላር ካርድ እሰጣለሁ አለ። መድረኩ ላይ ቆመ። ሰው 19 ዶላር አትርፎ እጩ ሠራ።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ጄብ ቡሽ አለ። ከእሱ ጎን የቆመው ሱፐር ፓክ የሚባለው ገንዘብ ሰብሳቢ ቡድን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፣ በ2015 መጀመሪያ ላይ ስሙም ብሩም ከላይ ነበር። መጨረሻ ላይ 4 ዴሌጌት። ቢሊየነሩ ብሉምበርግ ደግሞ በ2020 አንድ ቢሊዮን ዶላር አካባቢ አፍስሶ ያሸነፈው አሜሪካን ሳሞአን ነው። ካርታ ላይ ፈልጉት።

---

እንቅልፍ_የለሽ

ፈለግኩት። ፓሲፊክ ውቅያኖስ መሀል ነው 😭

አንድ የሞኝ ጥያቄ ልጠይቅ። ፖሉ ራሱ ሰውን አይቀይርም? እዚህ ሰፈር «እገሌ ሱቅ ዘይት መጣ» ሲባል ዘይት የማያስፈልገው ሰው ሁሉ ይሰለፋል። እጩም እንደዚያ አይደለም ወይ?

---

ጋሽ_ታክሲ

ልጄ፣ የሞኝ አይደለም፣ ከሁሉ የተሻለው ጥያቄ ነው። ይሰለፋሉ። ግን የሚሸሹበትም ጊዜ አለ። በ2008 ኦባማ አዮዋን ሲያሸንፍ ኒው ሃምፕሻየር ላይ ፖሉ በሙሉ በስምንት ምናምን ነጥብ ይመራል አለ። አምስት ቀን ብቻ ነው መሀሉ። ሂላሪ ቡና ቤት ውስጥ ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ቴሌቪዥኑ ሁሉ አሳየው፣ አለቀላት ተባለ። ማግሥቱን ሴቶቹ ወጡና አሸነፈች። የፖል ባለሙያዎቹ ማኅበር እንዴት እንዲህ ተሳሳትን ብሎ ኮሚቴ አቋቁሞ ስንት ወር መረመረ። እኔ በዚያ ማታ ከኋላዬ ሁለት የኦባማ ልጆች ተቀምጠው ነበር፣ ከዱፖንት ሰርክል እስከ ዩ ስትሪት አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቲፕ ግን ሰጥተውኛል።

---

ሰላም_ቬጋስ

ጋሼ ቲፑን አይረሱም 😂

እንቅልፍ የለሽ፣ የዘይቱ ነገር እውነት ነው። እኔ የማየው ግን ሌላ ነገርም አለ። የእኛ ሰው ስንት ነው እዚህ ከተማ፣ ታክሲው፣ ካዚኖው፣ አየር ማረፊያው፣ ግን ፖል ተጠይቆ የሚያውቅ አንድ ሰው አላገኘሁም። ወይ ቁጥሩን አያነሱትም፣ ወይ ሲያነሱት ደዋዩ በፍጥነት ያወራል፣ «ይቅርታ ሥራ ላይ ነኝ» ብለው ይዘጋሉ። እናቴ በ2024 ዜግነት ይዛ መርጣለች፣ ጠይቀዋት ቢሆን ስንት ነገር ትነግራቸው ነበር። አይጠይቋትም እንጂ።

---

ስልክ_ደዋዩ

እህቴ ሰላም፣ እኔ አንዴ የአበሻ ስም ስክሪኑ ላይ መጥቶልኝ በደስታ ልሞት ነበር። አንዲት እናት ናቸው። ሕጉ ከተጻፈው ውጭ አንድ ቃል አትናገር ነው፣ በእንግሊዝኛ እያነበብኩ ነው። በድምፄ አወቁኝ መሰለኝ፣ «ልጄ፣ አበሻ ነህ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «በልተሃል?» አሉኝ። ተቆጣጣሪው እየሰማ ሊሆን ይችላል፣ ምን ልበል? ቀጣዩን ጥያቄ አነበብኩላቸው። እሳቸውም «ደህና ሁን፣ አንተ የመሰለህን ጻፍ» ብለው ዘጉ። ያልተሟላ ተብሎ ተጣለ።

---

ሚኒሶታ_በረዶ

«አንተ የመሰለህን ጻፍ» 😭😭 የእኔ እናት ናቸው እነዚህ።

---

የካዛንቺሱ

በሉ፣ ክትፎውን ልመልስ። ቁጥር ይናገር፣ ውርርድ ትገባለህ? አሁን በዴሞክራት በኩል ፖሉን የሚመሩት ሦስቱ፣ ማንም ይሁኑ፣ አንዳቸውም እጩ አይሆኑም እላለሁ።

---

ቁጥር_ይናገር

ገባሁ። የተሸነፈ ሲያትል ድረስ መጥቶ ይጋብዛል። ትኬቱን ከአሁኑ ቁረጥ።

---

የካዛንቺሱ

ጋሼ ምስክር ይሁኑልን።

ውይ ቆዩ፣ ከማላውቀው ቁጥር እየተደወለልኝ ነው። ኮዱ 515 ይላል።

---

ስልክ_ደዋዩ

515 እኮ ዴ ሞይን ነው! አንሳው! አንሳው!

---

የካዛንቺሱ

ዘጋሁት። እየነዳሁ ነው።